ካውንስል መጥራት ወላጅን አሳልፎ መስጠት አይደለም

ሰሞኑን እንግሊዝ በምንኖር ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። መልእክቱ አጭር ነው፦ ወላጆቻችሁ ሲያረጁ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ አትጥሩ። ጸሐፊው ብዙ ምክንያት ደርድረዋል። ካውንስሉ አረጋውያንን ኬር ሆም ወደሚባል መጦሪያ ይወስዳል። ልጅ ላለው ሰው ምንም አይሰጥም። ቤት ያለው ቤቱን ይነጠቃል፣ ስለዚህ ቤቱን ቶሎ በልጅ ስም ማዛወር ይሻላል፤ ሰባት ዓመት ካለፈው ማንም አይጠይቅም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ይበላሻል። ቤት ድረስ ለእንክብካቤ የሚላኩት ኬረሮችም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቅ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወላጅን በባዕድ እጅ ማስጦር ነውር ነው።

ጸሐፊው ይህን ያሉት በክፋት አይመስለኝም። ያዩት ነገር አለ። ከተናገሩትም እውነት የሆነ አለበት፣ ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። ግን ምክራቸውን ሰምቶ የሚጎዳ ሰው አለ። በተለይ የቤቱ ምክር አንድን ቤተሰብ ሊያናጋ ይችላል። ለአረጋውያን በማስተርጎም ብዙ ቤት ገብቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው በሕመም፣ በእርጅና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ራሱን መርዳት ሲያቅተው የእንክብካቤው ኃላፊነት የሚኖርበት አካባቢ ካውንስል ነው። ይህን የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውና ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ የሚሠራበት ኬር አክት የሚባለው ሕግ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የምለው ለንደን፣ ሊድስ፣ በርሚንግሃም፣ ማንችስተርና ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ለሚኖር ሰው ነው።

ሕጉ በካውንስሉ ላይ የሚጥለው የመጀመሪያ ግዴታ ግምገማ ነው፣ አሰስመንት የምንለው። እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ማንኛውም አዋቂ ሰው መገምገም አለበት። ሀብታም ይሁን ድሃ ለውጥ የለውም። ግምገማው በነፃ ነው። የገንዘብ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ እርዳታ ያስፈልገዋል ከተባለ ነው። ጽሑፉ እነዚህን ሁለት ደረጃዎች ቀላቅሏቸዋል። ብዙው ፍርሃት የመጣውም ከዚያ ይመስለኛል።

ወደ ኬር ሆም ይወስዷቸዋል ለሚለው መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሜንታል ካፓሲቲ አክት ማንኛውም አዋቂ ሰው ለራሱ መወሰን ይችላል ብሎ ይነሣል። አይችልም የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ማሰብ የሚችሉ እናት «ከቤቴ አልወጣም» ካሉ ሶሻል ወርከር የሚባለው የካውንስሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንስቶ የሚወስድበት ሥልጣን የለውም። ውሳኔያቸው ለሌላው ሰው የማያዋጣ ቢመስልም ውሳኔው የሳቸው ነው። የመርሳት በሽታ ጠንቶባቸው መወሰን ያልቻሉ እንደሆነ ነገሩ ይለያል። ያኔ ለሳቸው የሚበጀው ምንድን ነው ተብሎ ይታያል። ቤተሰብ ይጠየቃል። ነፃነታቸውን ባነሰ ሁኔታ የሚነካ አማራጭ ካለም መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ልጅ መሆን ብቻውን በእናት ቦታ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። እናት አእምሯቸው ሳይደክም ላስቲንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ የሚባለውን ውክልና ለጤናና ለእንክብካቤ ጉዳይ ከሰጡና ከተመዘገበ ግን፣ መወሰን ባቃታቸው ጊዜ ልጅ በሳቸው ቦታ ይወስናል። ስለ ኬር ሆም ይህን ያህል የሚያስፈራ ጽሑፍ ይህን ውክልና አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሳቱ አሳዝኖኛል። ሰውን ከሚፈራው ነገር የሚጠብቀው ይሄ ነበር።

እንዲያውም ካውንስሉ ራሱ ሰው በቤቱ እንዲቆይ ነው የሚፈልገው፣ ኬር ሆም ውድ ነውና። ለዚህም የሚሰጣቸው ነገሮች አሉ። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት፣ ከፍ ያለ የሽንት ቤት መቀመጫና የመሳሰሉት መገልገያዎች፣ እንዲሁም እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያወጡ ትንንሽ የቤት ማስተካከያዎች ብቁ ለሆነ ሰው በነፃ ናቸው። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ተመልሶ ራሱን እንዲችል የሚሰጥ እገዛ፣ ሪኤብልመንት የሚሉት፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አያስከፍልም። ደረጃ መውጣት ላቃተው የደረጃ ሊፍት ለማስገባት ወይም መታጠቢያ ቤቱን ለመቀየር ዲሴብልድ ፋሲሊቲስ ግራንት የሚባል እስከ 30,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጋፍ አለ። እሱ ላይ ገቢና ቁጠባ ይታያል።

አሁን ልጅ ላለው አይሰጡም ወደሚለው ልምጣ። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ገምጋሚው ልጅ የምትሠራውን ሥራ ወደ ጎን ትቶ ነው ብቁነትን መመዘን ያለበት። እናት ብቻቸውን ቢሆኑ ምን ይችላሉ? ጥያቄው ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ «ይህን ይህን እኔ እቀጥላለሁ» ካለች በእቅዱ ውስጥ ይገባል። «ከዚህ በላይ አልችልም» ካለችም የሚያስገድዳት የለም። የልጅ ደመወዝም ሆነ ቁጠባ በሂሳቡ ውስጥ አይገባም።

ጸሐፊው አመልክተው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ቤተሰቦችን ይጠቅሳሉ። አምናቸዋለሁ፣ እኔም አይቻለሁ። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሶሻል ወርከር ልትመጣ ነው ሲባል ልጅ ቤቱን ስታጸዳ ታድራለች። እናትን ታጥባለች፣ ጸጉራቸውን ታበጥራለች፣ ነጭ ነጠላ ታለብሳቸዋለች። ቡና ይፈላል። ሶሻል ወርከሯ «ምግብ ያበስላሉ?» ብላ ትጠይቃለች። «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ!» ይላሉ። «ገላዎንስ ለመታጠብ አይቸገሩም?» «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን።» ልጅ ደግሞ በእናቷ ፊት «እኔ ነኝ የማጥባቸው፣ ሌሊት ሦስቴ አነሣቸዋለሁ» ማለት ይከብዳታል። ሶሻል ወርከሯ ያየችውንና የሰማችውን ጽፋ ትሄዳለች። ቤቱ ንጹህ ነው፣ ሴትዮዋ ደህና ናቸው። ፋይሉ ይዘጋል።

የገምጋሚዋ ወረቀት ላይ ያሉት ነገሮች አሥር ናቸው። ምግብ፣ ንጽሕና፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ በወጉ መልበስ፣ ቤት ውስጥ ያለ አደጋ መንቀሳቀስ፣ ቤትን መያዝ፣ ከዘመድ ወዳጅ ጋር መገናኘት፣ ሥራ ወይም ትምህርት፣ ወጥቶ በአካባቢው መጠቀም፣ ልጅ ላለው ደግሞ ልጁን መንከባከብ። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ያቃተውና በዚህም ኑሮው በጣም የተጎዳ ሰው ብቁ ነው። አለመቻል ሲባል ጭራሽ አለመቻል ማለት አይደለም። እያመመው የሚያደርግ፣ ከመጠን በላይ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት፣ ሲያደርገው አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰውም እንዳልቻለ ይቆጠራል። ሻወር ገብቶ ለመውጣት ሰዓት የሚፈጅባቸው አባት «እችላለሁ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። በሕጉ ዓይን ግን አልቻሉም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ያቆሙ ከሆነ እሱም ይቆጠራል፣ ሰው ማግኘት ማለት ነውና።

ስለዚህ ቀጠሮው ሲደርስ ቤቱን እንደወትሮው ተዉት። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ማን ምን እንደረዳ ጻፉ። ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ? መድኃኒቱን ማን ሰጠ? ወድቀው ያውቃሉ? የሚብሰውን ቀን ሳትሸፍኑ ንገሩ። በእናት ፊት መናገር የሚከብድ ከሆነ ሶሻል ወርከሯን ለብቻ ማናገር እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ አሳውቁ።

ልጅ እንድታስተረጉም ማድረግንም አልወደውም። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በካውንስሉ ወጪ ይመጣል። ሽንት ስለማምለጡ በወንድ ልጃቸው አፍ የሚናገሩ እናት እስካሁን አላየሁም። የግምገማው ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ብቁ አይደሉም ከተባለም ምክንያቱ ተጽፎ መምጣት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለውን። የምትንከባከበዋ ልጅ ራሷም የመገምገም መብት አላት። እናት «እኔ ግምገማ አልፈልግም» ቢሉ እንኳ የልጅቷ መብት አይቀርም። የምትተነፍስበት ቀን፣ ሥራዋን ሳትለቅ የምትቀጥልበት መንገድ፣ የጤናዋ ሁኔታ ሁሉ ይታያል። ከካውንስሉ ውጪ ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት የሚከፈል አበል አለ። ለጡረታ ዕድሜ የደረሰና እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አቴንዳንስ አላዋንስ ያገኛል። በ2025/26 በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነበር፣ ገቢና ቁጠባ አይታይበትም። በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትንከባከብ ልጅ ኬረርስ አላዋንስ ልታገኝ ትችላለች፣ በዚያው ዓመት 83.30 ፓውንድ ነበር። ይሄኛው አንዳንዴ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን የእናትን የጡረተኞች ድጎማ ሊቀንስ ስለሚችል ከማመልከት በፊት ምክር መጠየቅ ይሻላል።

የቤቱ ጉዳይ ከሁሉም አደገኛው ክፍል ነው።

እናት በቤታቸው ሆነው ኬረር እየመጣ የሚረዳቸው ከሆነ የሚኖሩበት ቤት ዋጋ አይቆጠርም። ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ቢያወጣም አይቆጠርም። የሚታየው ቁጠባና ገቢያቸው ነው። ቁጠባቸው ከ23,250 ፓውንድ በላይ ከሆነ ወጪውን ራሳቸው ይችላሉ፤ ያኔም ቢሆን የቤት ለቤት እንክብካቤውን ካውንስሉ እንዲያዘጋጅላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ከ14,250 በታች ከሆነ ቁጠባው አይነካም፣ ከገቢያቸው እንደ አቅማቸው ይከፍላሉ። በሁለቱ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳላቸው ይሰላል። ከገቢያቸውም ለኑሮ የሚሆን በመንግሥት የተወሰነ ዝቅተኛ ገንዘብ ይቀርላቸዋል። በሕመሙ ምክንያት ለልብስ ማጠቢያ፣ ለማሞቂያ፣ ለታክሲ የሚያወጡት ተጨማሪ ወጪም ሊቀነስላቸው ይገባል፣ ደረሰኙን ያዙ። ሁለቱ ወሰኖች ከ2010 ጀምሮ እስከ 2025/26 አንድ ፓውንድ አልጨመሩም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። ይህ በአረጋውያን ላይ የተሠራ በደል ነው፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ።

ቤቱ የሚቆጠረው ሰው በቋሚነት ኬር ሆም ሲገባ ነው። ያኔም ባል ወይም ሚስት እዚያው የሚኖሩ ከሆነ አይቆጠርም። 60 ዓመት የሞላው ዘመድ ወይም አካል ጉዳተኛ ዘመድ ቀድሞም እዚያ ይኖር ከነበረ አይቆጠርም። ማንም ባይኖር እንኳ ሌላው ቁጠባ ከወሰኑ በታች እስከሆነ ድረስ ለመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት አይቆጠርም። ከዚያ በኋላም ቶሎ መሸጥ ግድ አይደለም። ካውንስሉ ወጪውን በቤቱ ላይ ብድር አድርጎ ሊይዘውና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲያርፉ ሊከፈለው ይችላል። ወለድና የአስተዳደር ክፍያ አለው። በካውንስል ቤት ወይም በኪራይ የሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ክርክር ጨርሶ አይመለከተውም።

ሰባት ዓመት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከውርስ ግብር ሕግ ነው። ለእንክብካቤ ክፍያ እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ የለም። ካውንስሉ የሚጠይቀው ንብረቱ የተዛወረው ክፍያውን ለመሸሽ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ጤነኛ በነበሩበት፣ እንክብካቤ ያስፈልገኛል ብለው በማያስቡበት ጊዜ ሰጥተው ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከታመሙ በኋላ «ካውንስል እንዳይወስደው» ብለው ያዛወሩ ከሆነ ግን ቤቱ አሁንም የሳቸው እንደሆነ አድርጎ ሊያሰላ ይችላል። ከዚያም አልፎ ቤቱን የተቀበለው ልጅ ካውንስሉ ያጣውን ክፍያ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ቤት ያዳነ የመሰለው ልጅ የዕዳ ደብዳቤ ይደርሰዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ልጅ ቢፋታ፣ ቢከስር፣ ከእናቱ ቀድሞ ቢሞት ቤቱ በሕግ የሱ ንብረት ነው። እናት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። የጽሑፉን ምክር ተከትላችሁ ወረቀት ልትፈርሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።

አገር ቤት ቤት ወይም ገንዘብ ላለው ደግሞ ይህን ልበል። በውጭ አገር ያለ ንብረትም ይታያል፣ መደበቅ አይገባም። የዚያ አገር ሕግ ገንዘቡ እንዳይወጣ የሚከለክል ከሆነ ካውንስሉ ማስረጃ ይጠይቃል፣ የዋጋ አተማመኑም ይለያል። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ መቅረብ ያዋጣል።

የመኖሪያ ፈቃድ ይበላሻል የሚለው በአጭሩ ይመለስ። ዜግነት፣ ቋሚ መኖሪያ ወይም የስደተኛነት ፈቃድ ያለው ሰው የሚፈራው ነገር የለም። «ፐብሊክ ፈንድ አይፈቀድም»፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ አይወሰድም፣ የሚል ቪዛ ላለውም ቢሆን የካውንስል እንክብካቤ በፐብሊክ ፈንድ ዝርዝር ውስጥ የለም። አቴንዳንስ አላዋንስ ግን አለበት፣ እሱን እንዳታመለክቱ። ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ጉዳይ ይለያል። ካውንስሉ አንዳንዶቹን ለሆም ኦፊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

የአሥራ አምስት ደቂቃው ነገር እውነት ነው። ኬረር ሮጣ ገብታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ምግብ አሙቃ፣ ሮጣ የምትወጣበት ቤት አለ። ከእኛው እህቶች ብዙዎቹ ይህን ሥራ ስለሚሠሩ ከሁለቱም ወገን እናውቀዋለን። ናይስ የሚባለው የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ አካል በ2015 ያወጣው መመሪያ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጉብኝት የሚደረገው ኬረሯ ሰውየውን ስታውቀው፣ የሰፋ እቅድ አካል ሲሆንና ጊዜው ለተባለው ሥራ ሲበቃ ብቻ ነው ይላል። ይህን አንሥቶ መከራከር ይቻላል።

ገንዘብ እንደሌለም እውነት ነው። የበርሚንግሃም ከተማ ካውንስል በሴፕቴምበር 2023 በጀቱን ማመጣጠን እንዳልቻለ በይፋ አሳውቆ ነበር። አንድ ሰው ለእንክብካቤ በዕድሜው የሚከፍለው ከ86,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ታቅዶ የነበረው ገደብም በ2024 ተሰርዟል። ግን በርሚንግሃም ወጪ ሲያቆም እንኳ የሕግ ግዴታ የሆኑትን አገልግሎቶች ለይቶ አስቀርቷል። ካውንስል ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ብቁ የሆነን ሰው መተው አይችልም። እርዳታው ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ወረፋው ረጅም ነው ማለት ግን ቶሎ መያዝ አለበት ማለት ነው።

ለጥራቱ አንድ መፍትሔ አለ፣ ዳይሬክት ፔይመንት። ካውንስሉ ኬረር ከሚልክ ይልቅ ገንዘቡን ይሰጣችሁና ሰው ራሳችሁ ትቀጥራላችሁ። አማርኛ የምትናገር፣ የጾሙን ቀን የምታውቅ፣ ሽሮ የምትሠራ ሴት መቅጠር ይቻላል ማለት ነው። አብሮ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ካውንስሉ በልዩ ሁኔታ ካልፈቀደ አይቀጠርም። ሌላ ቤት የሚኖር ዘመድ ግን ይቻላል። ቀጣሪ መሆን ግብር፣ የዓመት እረፍትና ኢንሹራንስ አለበት፣ ሸክሙን አውቆ መግባት ነው። እዚህ ላይ ካውንስሉ የሚመድበው የድጋፍ ድርጅት ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ያግዛል።

ነውር የሚለው ቀርቷል። ጸሐፊው ወላጅን መጦር ትልቅ ክብር ነው ማለታቸው ትክክል ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን አገር ቤት እናትን የሚጦረው አንድ ሰው አልነበረም። እህት አለ፣ የእህት ልጅ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቤት ውስጥ የምትረዳ ልጅ አለች። እዚህ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ የሁሉንም ድርሻ ብቻዋን ይዛለች። ሌሊት ትነሣለች፣ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች። ወገቧን ታማለች። ከዚያ ብስጭቷን በእናቷ ላይ ስታወጣ ትሰማለች፣ ታለቅሳለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት መጥታ ገላ የምታጥብ ኬረር ካለች ልጅ ማታ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ መጫወት ትችላለች። ነውሩ የቱ ጋ ነው?

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ነው። ካውንስሉ ደውላችሁ አደልት ሶሻል ኬር በሉ። ጂፒም ሊያመለክትላችሁ ይችላል። ግምገማው በስንት ቀን ይደረግ የሚል ቁጥር በሕጉ የለም፣ በተገቢ ጊዜ መደረግ አለበት ነው የሚለው፤ ስለዚህ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም መዝግቡ። ካልተስማማችሁ ቅሬታችሁን መጀመሪያ ለካውንስሉ በጽሑፍ አቅርቡ። መልሱ ካላረካችሁ ወይም ከዘገየ ሎካል ገቨርንመንት ኤንድ ሶሻል ኬር ኦምቡድስማን ወደሚባለው ገለልተኛ ቅሬታ መርማሪ መሄድ ይቻላል። በነፃ ነው። ችግሩን ካወቃችሁ በኋላ 12 ወር ሳይሞላ ማመልከታችሁን አትርሱ።